የውኃ ተርብን እንወቅ
(በወላይታ ሶዶ አካባቢ ለሚኖሩ ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ሁላችሁም ስለምታዩት ትንሽ ፍጥረት ነው። ከዳሞታ ተራራ በሚወርዱት ጅረቶች ዳር፣ ከብት በምናጠጣበት ኩሬ ላይ፣ አራት ክንፍና ረጅም ቀጭን ገላ ያለው በራሪ አለ። የውኃ ተርብ ይባላል። ስሙ ተርብ ይሁን እንጂ መናደፊያ የለውም። ልጆች ግን በክር ያስሩታል፣ ክንፉን ይነቅላሉ። እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ። አሁን ይቆጨኛል። ለምን? ልንገራችሁ።

የውኃ ተርብ እንቁላሉን የሚጥለው ውኃ ውስጥ ወይም ውኃ ዳር ነው። የሚፈለፈለው እጭ ክንፍ የለውም፤ ውኃ ውስጥ ይኖራል። እዚያም የትንኝን እጭ እያደነ ይበላል። ካደገ በኋላ ሣር ላይ ወጥቶ ቆዳውን ይገፍና ይበራል። ያን ጊዜ ደግሞ ትንኝና ዝንብ በአየር ላይ ይይዛል። እንግዲህ እንደ ሁምቦ ባለው የወባ ቆላ ይህ ፍጥረት ወዳጅ አይደለም እንዴ?

ሁለት ወገን ነው። አንደኛው ወፈር ያለ ነው፤ ሲያርፍ ክንፉን እንደ ዘረጋ ይቀመጣል። ሁለተኛው እንደ ስንደዶ ቀጭን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ክንፉን ጀርባው ላይ አጥፎ ያርፋል። በዓለም ከ6000 በላይ ዓይነቶች አሉ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የማይገኙም አሉባቸው።

ታዲያ ወዳጃችንን የሚገድለው ማነው? እኛው ነን። የተባይ መድኃኒት የረጨንበትን መርጫ ጅረት ውስጥ እናጥባለን። መርዙ እጩን ይፈጃል። ትንኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና ይፈላል። የውኃ ተርብ ግን ለማደግ ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠላት ቀድሞ ይመለሳል፤ ወዳጅ ወደ ኋላ ይቀራል። ውኃውን የምንጠጣውም እኛና ከብቶቻችን ነን።

ስለዚህ መርጫውን ከውኃ ርቀን እንጠብ። በጅረት ዳር ያለውን ሣር ጨርሰን አንጨድ። ደግሞም የውኃ ተርብ አለልን ብለን አጎበር አንተው፤ በየደጃፉ ያቆረውን ውኃ እናፍስስ። እሱ ያግዛል እንጂ ብቻውን ወባን አያጠፋም።

ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኩሬው ዳር ቁሙ። ክንፉን የዘረጋው ስንት ነው? ያጠፈውስ? ቁጠሩና በደብተራችሁ ጻፉ። የተማርነው ለዚህም ነው።