የማያም እብጠት አያዘናጋን
(በክሊኒካችን ለተገልጋዮች ከተሰጠ የጤና ትምህርት)



የወሊድ መቆጣጠሪያ ለመውሰድ ስትመጡ «ጡትሽ ላይ እብጠት አለ ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ለወግ አይደለም። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሆርሞን ያለውን እንክብል፣ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበር መከላከያ መጠቀም የለባትም። ሆርሞን የሌለውን ሉፕ ግን መጠቀም ትችላለች።

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩት የካንሰር ዓይነቶች የመጀመሪያው ነው። በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 670 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተውበታል። እኛን የሚጎዳን ይበልጡን መዘግየት ነው። «አያመኝም እኮ»፣ «አጨዳው ይለፍ»፣ «ጾሙ ይፈታ» እየተባለ ወራት ያልፋሉ። ይህ በሽታ ግን ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣት ወይም በብብት ሥር ዕጢ ያየች ሴት ሳትውል ሳታድር ትምጣ። አትደንግጡ፤ አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም። ይህን የሚለየው ግን ምርመራ እንጂ ግምት አይደለም።

ምርመራው ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ባለሙያ በእጅ ይዳስሳል። ቀጥሎ ጡቱ በምስል ይታያል። በመጨረሻም ካስፈለገ በመርፌ ናሙና ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ካንሰር መሆኑን በእርግጠኝነት የሚናገረው ይህ ናሙና ነው።

ማሞግራፊ የጡት ራጅ ነው። ጡት በሁለት ጠፍጣፋ ነገሮች መካከል ለጥቂት ሴኮንዶች ተጫን ተደርጎ ፎቶግራፍ ይነሣል። ትንሽ ያስጨንቃል እንጂ ጉዳት የለውም፤ ጨረሩም አነስተኛ ነው። እብጠቱ ያለበትን ቦታና ቅርጽ፣ በእጅ የማይዳሰሱ ጥቃቅን ነጠብጣቦችንም ያሳያል። ሌላው ጡትም አብሮ ይታያል። የወጣት ሴት ጡት ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ በራጅ ጥርት ብሎ ላይታይ ስለሚችል፣ ለእርሷ በአብዛኛው አልትራሳውንድ ይቀድማል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ማሞግራፊው «ምንም የለም» ቢልም እብጠቱ በእጅ የሚዳሰስ ከሆነ ምርመራው አላለቀም፤ ሐኪሙን «እብጠቱስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚህ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንልካችኋለን። ሐኪሙ ለማሞግራፊ ወደ አዲስ አበባ ከላካችሁ መንገዱ ዓባይን አቋርጦ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ጊዜ እንዳትመላለሱ የሪፈር ወረቀታችሁንና የቀድሞ የምርመራ ውጤታችሁን ያዙ። በዕለቱ ጡታችሁንና ብብታችሁን ቅባትም ሆነ ፓውደር አትቀቡ። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የዓለም የጤና ድርጅት አንዲት ሴት ለሕክምና ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀናት ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ይመክራል። ስለዚህ ጸበል የምትጠመቁም ተጠመቁ፤ ምርመራውን ግን አታቆዩት። አባወራዎችም የመንገዱን ወጪ ከሌላው ጉዳይ አስቀድሙ።

«በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ዛሬ እዚህ ከመጣችሁት መካከል እብጠት ያላት ብትኖር ሳትመረመር ወደ ቤቷ አትመለስ። በሩን ዘግተን ብቻዋን እናያታለን።