ግልባጭና መጠባበቂያ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በኮምፒዩተር መረጃ ስለሚቀመጥበትና ስለሚባዛበት አሠራር በምንጠቀምባቸው ቃላት ላይ ነው። «ሥራው ከተሠራ ስለ ስሙ ምን ያስጨንቃል?» የሚል አይጠፋም። እኔም ቀድሞ እንደዚሁ አስብ ነበር። አሳቤን ያስለወጠኝ አንድ ነገር ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ለጥቂት ጊዜ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት መዝገቡ ሁሉ በሁለት ቦታ ይጻፍ ነበር። ሁለተኛውን «ባክአፕ» እንለው ስለ ነበር ሁላችንም ያለ ሥጋት ተቀመጥን። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ በስሕተት የአንድ ዓመት መዝገብ ሰረዘ። ወደ ሁለተኛው ብንሮጥ እዚያም ተሰርዟል። ለካስ የነበረን ሬፕሊካ እንጂ ባክአፕ አልነበረም። ከወረቀት ላይ እንደ ገና ስንጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ልዩነቱን የሚያስረዳው ቃል ግን ድሮውንም በእጃችን ነበር። ጸሐፊ በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አግብታ በጽሕፈት መኪና ስትመታ፤ ከላይ ያረፈው ፊደል በዚያው ቅጽበት ከታች ያርፋል፤ የላዩ ከተሳሳተ የታቹም ይሳሳታል። ይህን «ግልባጭ» እንለዋለን። ሬፕሊካም ይኸው ነው፤ ዲስክ ቢሰበር ያድናል፤ ከስሕተት ግን አያድንም። ባክአፕ በታወቀ ቀን ተቀድቶ ለብቻው የሚቀመጥ፤ ዋናው ቢለወጥ እርሱ የማይለወጥ ስለ ሆነ «መጠባበቂያ» ልንለው ይገባል።

ሁለተኛው ቃል «ቮልዩም» ነው። ብዙዎቻችን ዲስክ ማለት ይመስለናል። ነገር ግን አንድ ዲስክ ለብዙ ቮልዩም ይከፈላል፤ ብዙ ዲስኮችም ተጣምረው አንድ ቮልዩም ይሆናሉ። የብራና መጽሐፍ ያየ ሰው ይህ አይከብደውም። የብዙ ፍየል ቆዳ በአንድነት ተሰፍቶ አንድ ጥራዝ ይሆናል፤ አንባቢውም የሚጠይቀው ጥራዙን እንጂ ፍየሉን አይደለም። ስለዚህ «ጥራዝ» ቢባል ይስማማል።

ሦስተኛው የማባዛቱ ዓይነት ነው። አንደኛው፤ ጽሑፉ በሁለቱም ቦታ ሳያርፍ «ተጽፏል» የማይል ነው፤ «አብሮ የሚጻፍ» እንበለው። ሁለተኛው በዋናው ላይ እንዳረፈ «ተጽፏል» ብሎ ለግልባጩ ኋላ የሚልክ ነው፤ እርሱም «ተከትሎ የሚጻፍ» ይባል። አብሮ የሚጻፈው የማይጓደል ቢሆንም ርቀት ያዘገየዋል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፤ ግልባጩ በ1,000 ኪሎ ሜትር ቢርቅ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ደርሶ መልሱ ብቻ የሰከንድ 100ኛ እጅ ይፈጃል። ተከትሎ የሚጻፈው ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ዋናው በድንገት ቢጠፋ ገና ያልተላከው አብሮ ይጠፋል። ለባንክ ሒሳብና ለፎቶግራፍ ማከማቻ ምርጫው አንድ ሊሆን አይችልም።

በመጨረሻም ዋናውንና ግልባጩን «ጌታና ባሪያ» ብለን እንዳንተረጕም አደራ እላለሁ። ይህን ስያሜ ያመጡት ሰዎች ራሳቸው እየተዉት ነው፤ ሬዲስ የተባለው የመረጃ ቋት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 «ሬፕሊካ» ወደሚለው ዞሯል። እኛ «ዋና» እና «ግልባጭ» የሚሉ ቃላት እያሉን ሌሎች የጣሉትን ለምን እናነሣለን?

ከእነዚህ የተሻለ ቃል ያለው ያምጣ፤ በደስታ እቀበላለሁ። እስከዚያው ግን የመመረቂያ ጽሑፋችሁ «በሁለት ቦታ አለ» ሲባል «ግልባጭ ነው ወይስ መጠባበቂያ?» ብላችሁ ጠይቁ።