ከቃሬዛ በፊት የሚደርስ ጎረቤት
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ጤና ፍትሕ እንድናገር በተጠየቅሁ ጊዜ ንግግሬን ከሆስፒታል በር ሳይሆን ከገጠር መንደር ለመጀመር መረጥሁ። ምክንያቱም እኛ የጤና ባለሙያዎች አብዛኛውን ጊዜ የምንቈጥረው ወደ እኛ የመጣውን ነው። መዝገባችን የታከመውን፣ የተከተበውን፣ በጤና ጣቢያ የወለደችውን ያሳያል፤ ሳይመጣ የቀረውን ግን አያሳይም። ሳይመጣ የቀረውን የሚያውቀው ጎረቤቱ ነው። በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ቍልቍለቱን የሚጓዘው ጎረቤት፣ ማን በጊዜ እንደ ደረሰ፣ ማን ተሸካሚ አጥቶ እንደ ቀረ፣ ማንስ ገንዘብ ስለሌለው ሕመሙን እንደ ደበቀ ከማንኛውም መዝገብ ይልቅ ጠንቅቆ ያውቃል። ዛሬ ላስረዳ የምሻው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ይህን ዕውቀት የያዘው ነዋሪ የጉልበት ረዳት ብቻ ሳይሆን የውሳኔ ባለቤት ካልሆነ፣ የጤና ፍትሕ ከቃል አያልፍም የሚል ነው።

ለዚህ የማቀርበው ማስረጃ ከራሳችን አገር የተገኘ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 7,000 ያህል ሰዎችን ፈጀ። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። በተከታዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። ለሙያችን ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁን እንጂ በ1958 ወባ በአገሪቱ በሰፊው ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ እንደ ታመመ፣ 150,000 ያህሉም እንደ ሞተ ተገምቷል። ወባን የሚያድን መድኃኒት በዓለም ላይ ነበረ፤ መድኃኒቱን ከበሽተኛው ጋር በጊዜ የሚያገናኝ እጅ ግን በየመንደሩ አልነበረም።

ከሃያ ዓመት በኋላ በ1978 በአልማ አታ የተሰበሰቡት መንግሥታት ሕዝብ በራሱ የጤና አገልግሎት ዕቅድና አፈጻጸም በግልም በጋራም የመሳተፍ መብትና ግዴታ እንዳለው አወጁ። ከዚህ ዐዋጅ ውስጥ እኛ ፈጥነን የተማርነው ግዴታውን ነው። ነዋሪው ጕድጓድ እንዲቈፍር፣ መንገድ እንዲጠርግ፣ ለጤና ኬላ ግንባታ ድንጋይና እንጨት እንዲያቀርብ ጠየቅነው። ጤና ኬላው የት ይሠራ፣ ምን ይቅደም፣ ገንዘቡስ በምን ላይ ይዋል በሚለው ላይ ግን የጠየቅነው ጥቂት ጊዜ ነው።

ነዋሪው በእርግጥ ሲታመን ምን እንደሚሠራ በትግራይ ታይቷል። በዚያ ከ1992 ጀምሮ ወባን በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ለመቈጣጠር በተቋቋመው ሥራ፣ ከ700 በላይ በጎ ፈቃደኞች በየመንደራቸው ትኩሳት የያዘውን ሰው ያክሙ ነበር። ነገር ግን ለታመመ ሕፃን ከመንደር ጤና ሠራተኛውም ይልቅ የምትቀርበው እናቱ ናት። ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተሄደና በሁለት ወረዳዎች የሚገኙ 24 ጣቢያዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በ12ቱ ጣቢያዎች አስተባባሪ እናቶች ሠልጥነው፣ ጎረቤቶቻቸው የወባን ምልክት እንዲለዩና ክሎሮኪንን በቤታቸው ወዲያውኑ እንዲሰጡ አስተማሩ። በቀሩት 12 ጣቢያዎች የተለመደው አሠራር ቀጠለ።

የ1997ቱን ውጤት ኪዳነና ሞሮው በ2000 በላንሴት መጽሔት አሳትመውታል። እናቶች እናቶችን ባስተማሩባቸው ጣቢያዎች ከነበሩት 6,383 ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ልጆች 190 ሞቱ። በሌሎቹ ጣቢያዎች ከነበሩት 7,294 ልጆች ደግሞ 366 ሞቱ። ከሺህ ሲሰላ በአንደኛው ወገን 29.8፣ በሁለተኛው 50.2 መሆኑ ነው፤ የሕፃናት ሞት በ40 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ያደረገው አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ሕንፃ አይደለም። በታማሚውና በመድኃኒቱ መካከል የነበረው ርቀት ከቀን ጕዞ ወደ ጎረቤት ደጃፍ በማጠሩ ነው። ክሎሮኪን ዛሬ ለፋልሲፓረም ወባ አይታዘዝም፤ ተሐዋሲው ተላምዶታልና። ትምህርቱ ግን አላረጀም። በ2024 ከጥር መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ወር ብቻ በአገራችን ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ስለ ጎረቤት የምናገረው ለታሪክ ትዝታ ብዬ እንዳልሆነ ከዚህ ትረዱልኛላችሁ።

በመካከሉ መንግሥት የሠራው ሥራ ሊካድ አይገባውም። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ከ30,000 በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ፣ ደመወዝ ቈርጦ በየቀበሌው አሰማርቷል። ከዚያ በኋላ ደግሞ አንዲት ሴት አምስት ጎረቤቶቿን እንድታስተምር የሚያደርግ አደረጃጀት ተዘረጋ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው፣ ዐላማው ሸክሙን ማከፋፈል ነበር። ይሁን እንጂ ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጆቿን አብልታ ወደ ስብሰባ የምትመጣ፣ ለሥራዋ ምንም የማይከፈላት፣ የምታስተምረውንም ርእስ ራሷ ያልመረጠች ሴት ሎሚውን ሁሉ ለብቻዋ ተሸክማለች ማለት ነው። ይህ የሥራ ክፍፍል እንጂ የነዋሪ መሪነት አይደለም። ለጤና ፍትሕ ስንል በድኻዪቱ ላይ ሌላ ፍትሕ ማጓደል የለብንም።

ታዲያ ነዋሪው ራሱ የሚመራው ድርጅት የት አለ? በደጃችን አለ፤ ዕድር ነው። ዕድር የራሱ ደንብ፣ የራሱ ዳኛ፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ አለው። በኤድስ ዘመን በአዲስ አበባ በርካታ ዕድሮች ለቀብር ብቻ ይውል የነበረውን ገንዘባቸውን በሽተኛን ለመደገፍና ወላጅ አልባ ልጆችን ለመርዳት ደንባቸውን አሻሽለዋል። ሰው ከሞተ በኋላ ድንኳን ከመትከል፣ ሳይሞት መድረስ ይሻላል ብለው የወሰኑት አባላቱ ናቸው።

ነገር ግን እውነቱን መናገር ይገባል። ዕድርም የራሱ አጥር አለው። ወርኃዊ መዋጮውን መክፈል ያልቻለ የቀን ሠራተኛ፣ ትናንት መጥቶ ቤት የተከራየ እንግዳ፣ ጎዳና ላይ የሚያድር ሰው ከዝርዝሩ ውጪ ነው። በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮው በመንግሥት የሚሸፈንላቸውን ድኾች ሲመዘግብም ይኸው ጥያቄ ይነሣል፤ ድኻ ማነው? ዝርዝሩን የሚያዘጋጁት ጥቂቶች በዝግ ቤት ሲሆኑ የሚረሳው ሁልጊዜ ዘመድና ደጋፊ የሌለው ነው። ስለዚህ ነዋሪ ይምራ ስንል ከነዋሪዎች መካከል ድምፁ የማይሰማው ይሰማ ማለታችን መሆን አለበት።

ለሙያ ባልደረቦቼ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በየወሩ ወደ ወረዳ የምንልከውን ቍጥር በቀበሌው ጉባኤ ፊት እናንብበው፤ በዚያም «ከዚህ መዝገብ ማን ቀረ?» ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ትንሽም ቢሆን ከጤና ጣቢያው በጀት ነዋሪው የሚወስንበት ድርሻ ይኑር፤ ገንዘብ የማይነካ ምክር ምክር ሆኖ ይቀራልና። ሦስተኛ፣ ከበጎ ፈቃደኛዪቱ ሥራ ስንቀበል ሥራዋን በዋጋ እናስላው፤ ልንከፍላት ባንችል እንኳ ጊዜዋን የራሳችን አድርገን አንቍጠረው።

ይህን ስናደርግ ከሥልጣናችን ጥቂት እንደሚቀነስ አውቃለሁ። ጎረቤቶች በጉባኤ ሲናገሩ እኛ ካቀድነው ውጪ ይናገራሉ። እኛ ስለ ክትባት ስንጠይቅ እነርሱ ስለ ድልድይ ይነግሩናል። ነገር ግን በክረምት ወንዝ ሲሞላ ምጥ የያዛት ሴት ከወዲያ ማዶ የምትቀረው በድልድዩ ምክንያት ነውና፣ የነገሩን የጤና ጉዳይ ነው። ቃሬዛው ከመነሣቱ በፊት የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የእኛ ሥራ ባዶ እጁን እንዳይደርስ ማድረግ፣ ሲናገርም ማዳመጥ ነው።