ከቶናው ጠብ አድርጋ



መካነ ሰላም ውስጥ፣ ጠዋት ነው። እናት ቡናቸውን ጠጥተው ሲኒው ሳይታጠብ፣ «ዛሬ ቡና አይፈላም እንዴ?» ይላሉ። ልጃቸው መጀመሪያ ሰሞን «አሁን ጠጣሽ እኮ፣ እማዬ!» እያለች ትሟገት ነበር። ዛሬ ከቶናው ጠብ አድርጋ፣ እንደ አዲስ ታቀብላቸዋለች። ጎረቤት «ጃጁ» ብሎ ያልፋል። የመርሳት በሽታ ግን የአንጎል ሕመም ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ይበዛል እንጂ እርጅና ራሱ አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም አርተር ክላይንማን ሐርቫርድ ሲያስተምር፣ «ሕመምተኛው የሚለውን ስሙ» ባይ ነበር። ባለቤቱ ጆአን በአልዛይመር፣ በዚሁ የመርሳት በሽታ፣ ስትያዝ ማጠቡም፣ ማልበሱም፣ ማጉረሱም በእሱ ላይ ወደቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 አረፈች። ፕሮፌሰሩ በስተርጅና ተማሪ ሆነ ማለት ነው።

በእኛም አገር ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው፣ ከ68 ሺህ በላይ ሰው ላይ ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም አጥንተዋል። ትልቅ ሥራ ነው። የተጠኑት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉት ናቸውና፣ የእኚህ እናት እኩዮች በዚያ ቆጠራ አልገቡም። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ጀመረ፤ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ባሕር ተሻግሮ ነበር የሚማረው።

መካነ ሰላም ውስጥ ግን ዛሬም አስታማሚዋ ልጅ ናት። አመሻሹ ላይ እናት በሟች እህታቸው ስም ይጠሯታል።

«አቤት!» ትላለች።