ሦስት መቶ የፈረስ ጉልበት ለምን ይሆናል?



ለዛሬው ምሽት ንግግሬ መነሻ የሆነኝ የአንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጥያቄ ነው። ይህ ሰው በጀርመን አገር በሥራ ላይ የሚገኝ ታናሽ ወንድም አለው። ወንድሙ ለአንድ ዓመት ያህል መካከለኛ ሞተር ብስክሌት ሲነዳ ከቆየ በኋላ፣ አሁን 200 የፈረስ ጉልበት ያለው የእሽቅድድም ሞተር ብስክሌት ለመግዛት ገንዘብ በማጠራቀም ላይ መሆኑን ገልጾ፣ «ጋሼ፤ ምርቃትህን እፈልጋለሁ» ሲል ጻፈለት። ባልደረባዬም መልእክቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና፣ «እኔ ስለ ሞተር ብስክሌት የማውቀው በራችን ላይ ደብዳቤ ጥሎ ከሚሄደው አይበልጥም፤ አንተ ግን ስለነዚህ ነገሮች ስታነብ አይሃለሁ፤ ምን ብዬ ልመልስለት?» አለኝ። እኔም ወዲያው «ይቅርበት በለው» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን ያላወቁትን ነገር መከልከል ቀላል ቢሆንም፣ ክልከላው የሚሰማው ሰው ነገሩን ከከልካዩ ይልቅ የሚያውቅ በሆነ ጊዜ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጥቂት ቀን ስጠኝ ብዬ፣ የነገሩ ወዳጆች ራሳቸው እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ መመርመር ጀመርሁ።

በአገራችን ጎዳና ዕቃና መልእክት ሲያመላልሱ የምናያቸው ሞተር ብስክሌቶች አብዛኞቹ ከ10 እስከ 20 የሚደርስ የፈረስ ጉልበት ያላቸው ናቸው። በዚህም ጉልበት ሁለት ሰው ጭነው ዳገት ይወጣሉ። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የጃፓኑ ካዋሳኪ ኩባንያ «ማክ ሦስት» የተባለውን ባለ 500 ሴንቲ ሜትር ኩብ ሞተር ብስክሌት ባወጣ ጊዜ፣ ጉልበቱ 60 ፈረስ ብቻ ነበር። ይህም ሆኖ ሞተሩ ኃይሉን በድንገት የሚለቅ፣ አካሉና ፍሬኑ ግን ለዚያ ኃይል የማይመጥኑ ስለ ነበሩ፣ ነጂዎቹ «መበለት አድራጊ» የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ስሙን ያወጡለት ጠላቶቹ ሳይሆኑ ወዳጆቹ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ ጉልበቱ እያደገ ሄዶ፣ ይኸው የካዋሳኪ ኩባንያ በ2015 ዓ.ም. «ኤች ሁለት አር» የተባለውንና 310 የፈረስ ጉልበት ያለውን ለገበያ አቀረበ። ይህ በመንገድ ላይ ሊነዳ የማይፈቀድ፣ ለመወዳደሪያ ሜዳ ብቻ የተሠራ ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ወር የቱርክ አገር ተወላጅ የሆነው ዝነኛው ተወዳዳሪ ኬናን ሶፉኦሉ፣ ለሕዝብ ሊከፈት በተቃረበው በዑስማን ጋዚ ድልድይ ላይ ይህንኑ ሞተር ብስክሌት ነድቶ፣ በ26 ሴኮንድ ጊዜ ውስጥ የፍጥነት መለኪያው 400 ኪሎ ሜትር በሰዓት አሳይቶለታል።

እንግዲህ ወዳጆቹ የሚከፋፈሉት ከዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹ፣ ኃይል መቼም አይበዛም የሚሉት ናቸው። እነዚህን ሰዎች እብዶች ናቸው ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ክርክራቸው ሚዛን አለው። የሚሉትም፣ ታላቅ ሞተር ያለው ሰው ሞተሩን አያስጨንቀውም፤ ከባድ መኪና ለመቅደም በተፈለገ ጊዜ እጀታውን ጥቂት ብቻ ጠምዝዞ በሁለት ሴኮንድ ያልፋል፤ ትንሽ ሞተር ያለው ግን በከባዱ መኪና ጎን ለጎን ብዙ ጊዜ ይቆያል፤ አደጋውም ያለው ከዚያው ላይ ነው ነው። ከዚህም ሌላ የሥራው ጥበብ በራሱ ያስደስታቸዋል። የሱዙኪ ኩባንያ በ1999 ዓ.ም. ለገበያ ያቀረበው «ሃያቡሳ» የዚህ ወገን ሰንደቅ ነው። ሃያቡሳ ማለት በጃፓንኛ ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር የጭልፊት ዓይነት ነው። ሞተር ብስክሌቱም 1300 ሴንቲ ሜትር ኩብ በሚጠጋ ሞተሩና 175 ያህል በሆነ የፈረስ ጉልበቱ፣ እንደ ስሙ 300 ኪሎ ሜትርን አለፈ። በመጀመሪያ የተሸጡት የፍጥነት መለኪያቸው እስከ 350 የሚደርስ ቁጥር ተጽፎበት ነበር። ወዲያው ግን በአውሮጳ መንግሥታት ዘንድ ሥጋት ሆነ። ፋብሪካዎቹም ሕግ ሳይወጣባቸው በፊት፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ ላለመሸጥ በቃል ተስማሙ ይባላል። የተፈረመ ሰነድ ባይታይም፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ የሃያቡሳ መለኪያ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ፣ ሞተሩም ከዚያ ልክ በላይ እንዳይሄድ ተገድቧል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ የኢጣልያ ፋብሪካ ሞተር ብስክሌቱን «312» ብሎ በፍጥነቱ ልክ ሰየመው። የቃል ስምምነት ዕድሜው ይህን ያህል ነው።

ሁለተኞቹ ወገኖች ዓይናቸው በክብደት ላይ ነው። የእነዚህን አሳብ በሚገባ የሚያስረዳው የሆንዳ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው የታዳኦ ባባ ሥራ ነው። በ1992 ዓ.ም. እርሱ የመራው «ፋየርብሌድ» የተባለ ሞተር ብስክሌት ሲወጣ፣ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ጉልበት በመጨመር ሲሽቀዳደሙ እርሱ ግን ክብደት ቀነሰ። ሞተሩ 900 ሴንቲ ሜትር ኩብ የሚጠጋ ሳለ፣ ክብደቱ ያለ ነዳጅ 185 ኪሎ ግራም ብቻ፣ ማለትም ባለ 600 ከሚባሉት ጋር ትክክል ነበር። ጉልበቱ ከተፎካካሪዎቹ ያነሰ ሆኖ ሳለ በመጠምዘዣ ላይ ቀደማቸው። የእነዚህ ወገኖች አነጋገርም፣ ዝግተኛውን በፍጥነት መንዳት ፈጣኑን በዝግታ ከመንዳት ይልቅ ያስደስታል የሚል ነው። እኔም ልቤ ወደዚህ ወገን ያደላ መሆኑን አልሸሽግም።

የማደላበትንም ምክንያት ልንገራችሁ። በፍጥነት የሚሄድ ሰው ትልቁ ባላጋራው አየር ነው። አየርን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ በሆነ ጊዜ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 175 ፈረስ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያስኬድ ከሆነ፣ በዚያው ስሌት 200 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 52 ያህል ይበቃል፤ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ግን ለአየሩ ብቻ 7 ፈረስ እንኳ አይሞላም። እንግዲህ በብዙ አገሮች የአውራ ጎዳና ወሰን ከ110 እስከ 130 ኪሎ ሜትር በሆነበት ዓለም፣ ቀሪው ከመቶ በላይ የሆነ ፈረስ ሁሉ በጋጣው ውስጥ ቆሞ እየበላ ነው ማለት ነው። በእርግጥ ጉልበት ለፍጥነት ብቻ ሳይሆን ለመፈትለክም ያገለግላል። ነገር ግን ለዚህም ወሰን አለው። እጀታው አለመጠን በተጠመዘዘ ጊዜ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሣል፣ ወይም የኋለኛው ይንሸራተታል። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ስፍራ ከሰው መዳፍ የማይበልጥ ነውና፣ በዚያች መዳፍ በምታህል ላስቲክ ላይ 200 ፈረስ መጫን ሌላ ጥበብ ይጠይቃል። ባለ 1000 ከሚባሉት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ማርሽ ብቻ ከ140 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። የቀሩት አምስት ማርሾች በጎዳና ላይ ምን ሥራ አላቸው?

መቆሙ ደግሞ ከመሄዱ ይብሳል። በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ ሰው በአንድ ሴኮንድ 83 ሜትር ይጓዛል። ፍሬኑ እጅግ መልካም፣ መንገዱም ደረቅ ቢሆን እንኳ፣ ፍሬን ከያዘ በኋላ ለመቆም ከ350 ሜትር የማያንስ ርቀት ያስፈልገዋል። በ100 ኪሎ ሜትር ቢሆን 40 ሜትር በበቃው ነበር።

ሦስተኞቹ ወገኖች ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፣ ያ የድሮ ነገር ነው፤ ዛሬ ነጂውን መሣሪያው ራሱ ይጠብቀዋል ይላሉ። እውነት አላቸው። የጀርመኑ ቢ ኤም ደብሊው በ2009 ዓ.ም. 193 የፈረስ ጉልበት ያለውን «ኤስ 1000 አር አር» ሲያወጣ፣ ጎማ በፍሬን እንዳይታሰርና የኋላው ጎማ አለአግባብ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አብሮ አቅርቦ ነበር። ዛሬ እነዚህ መሣሪያዎች ሞተር ብስክሌቱ በመጠምዘዣ ላይ ምን ያህል እንደ ተጋደመ እየለኩ ኃይሉን ይመጥናሉ። ለዝናብ ቀን ሲሆን ጉልበቱን በአንድ ቁልፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ይሁን እንጂ 200 ፈረስ ገዝቶ መቶውን በቁልፍ አስሮ የሚነዳ ሰው፣ መቶ ብቻ ያለውን በርካሽ ቢገዛ ምን ይጎድልበት ነበር? ይህን ለወዳጆቹ ብታነሡ የምታገኙት መልስ ፈገግታ ነው። ከሁሉም በላይ መሣሪያው የጎማውን መንሸራተት ያውቃል እንጂ፣ ከመጠምዘዣው ባሻገር የቆመውን ላም አያውቅም።

ጥበቡ የተሟላላቸው ሰዎች እንኳ የሚከፍሉት ዋጋ አለ። በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል በምትገኘው በማን ደሴት ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ታላቅ እሽቅድድም ይደረጋል፤ አንዳንድ ዓመት ብቻ ተቋርጧል። ስፍራው የተከለለ ሜዳ ሳይሆን በቤትና በድንጋይ አጥር መካከል የሚያልፍ 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሕዝብ መንገድ ነው። በ2023 ዓ.ም. ፒተር ሂክማን ከሱቅ ከሚገዛው ብዙ በማይለይ ሞተር ብስክሌት ዙሩን በአማካይ 219 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፈጽሞታል። በዚያው መንገድ ላይ የሞቱት ነጂዎች ደግሞ ከ260 በላይ ናቸው። እነዚህ መንገዱን በልባቸው የያዙ ሰዎች ነበሩ።

መንግሥታትም ዝም አላሉም። ፈረንሳይ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለውን ስትከለክል ቆይታ፣ ኋላ ክልከላውን አንሥታለች። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮጳ ኅብረት የሚሠራበት ደንብ ግን ብልኅነት ያለው ይመስለኛል። ጀማሪ ወጣት በመካከለኛው ፈቃድ ከ48 ፈረስ በማይበልጥ ጀምሮ፣ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ወደ ከፍተኛው ይሸጋገራል። ሱዙኪም ራሱ በ2021 ዓ.ም. አዲሱን ሃያቡሳ ሲያወጣ፣ ጉልበቱን ከ197 ወደ 190 ዝቅ አድርጎ፣ በዘወትር ፍጥነት ላይ የሚገኘውን ኃይል አሻሽሏል። የአየር ብክለት ደንብ አንዱ ምክንያት ነበረ፤ ነገር ግን ብዙ ወዳጆቹ ሲነዱት ከቀድሞው ይሻላል ብለዋል።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ ነገርሁት። እርሱም ጥቂት አሰበና፣ «ወንድሜ በጀርመን አንዳንዱ አውራ ጎዳና ወሰን የለውም ይላል» አለኝ። እውነት ነው፤ የለውም። «እንግዲያው ክልከላው ቀርቶ ጥያቄ ላክለት» አልሁት። በማግሥቱ የጻፈውን አሳየኝ። «ወንድሜ፤ አሁን ያለችህን ሞተር ስንት ኪሎ ሜትር ነዳሃት? ከነዳሃትስ ውስጥ እጀታውን እስከ መጨረሻ የጠመዘዝህበት ቀን ስንት ነው?» ይላል።

መልሱ እስከ ትናንት ድረስ አልመጣም። የመጣ እንደ ሆነ እነግራችኋለሁ።