ፎቶግራፉን ባለቤቱም ያየዋል

(በቤተ ክርስቲያን የልማትና የእርዳታ ሥራ ለተሰማሩ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የሕዝብ ግንኙነት ትምህርትና አሠራር በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመን» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለሆነ ሁሉንም ልዳስስ አልሞክርም። የእኛን ሥራ በቀጥታ የሚነካውን አንድ ነገር ብቻ አንሥቼ አብረን እንድንመካከርበት እወዳለሁ። ይኸውም፣ ስለ ችግረኛው ወገናችን የምንጽፈውንና የምናሳየውን ሁሉ ዛሬ ችግረኛው ራሱ ያነበዋል፣ ያየዋልም የሚለው ነው።

ቀድሞ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ባብዛኛው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ይናገራል፤ ሕዝቡ ይሰማል። መግለጫ ይጻፋል፣ ጋዜጠኞች ይጠራሉ፣ በራሪ ጽሑፍ ይበተናል፣ ዓመታዊ ሪፖርት ይታተማል፤ በዚህም ሥራው ተፈጸመ ይባላል። በ1984 እ.ኤ.አ. ጄምስ ግሩኒግና ቶድ ሃንት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን ባሳተሙት የማስተማሪያ መጽሐፍ የሙያውን አሠራር በአራት ከፍለው አሳዩ። አንደኛው በማናቸውም መንገድ ስምን ማስጠራት ነው። ሁለተኛው መረጃን በትክክል ማቀበል፣ ሦስተኛው የሕዝቡን ጠባይ አጥንቶ ማሳመን ነው። አራተኛው ግን ከሕዝቡ ጋር መነጋገር ነው፤ በዚህኛው መንገድ የሚለወጠው ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን አስፈላጊ ሲሆን ድርጅቱም ራሱ ነው። ይህ አራተኛው በዚያን ጊዜ ለብዙዎች ከምኞት ያለፈ አልነበረም። ፌስቡክ በ2004፣ ዩቲዩብ በ2005፣ ቴሌግራም በ2013 ከተጀመሩ በኋላ ግን ብንወድም ባንወድም ሕዝቡ ይመልስልናል። የቀረው ጥያቄ እኛ እንሰማለን ወይስ አንሰማም የሚለው ነው።

ያ መጽሐፍ በወጣበት በዚያው ዓመት፣ ኦክቶበር 23 ቀን 1984፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣውና ማይክል በርክ የተረከው ፊልም በቢቢሲ ቴሌቪዥን ታየ። ዓለም ደነገጠ። በሚቀጥለው ዓመት በሐምሌ ወር በለንደንና በፊላደልፊያ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት ተደረገ። ገንዘብ ተሰበሰበ፤ እህል ተጫነ፤ ብዙ ነፍስም ተረፈ። ይህን ውለታ ማቃለል አይገባም። ዳሩ ግን በኮረም ሜዳ ላይ በብርድ ተኮራምተው የነበሩት ሰዎች ያን ፊልም ያን ጊዜ አላዩትም። ስለ ራሳቸው ምን እንደ ተባለም ለመስማትና መልስ ለመስጠት ዕድል አልነበራቸውም። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ የአገሩን ስም በጠራ ቁጥር ስለ ረሀብ ይጠየቅ ነበር።

ይህ ነገር የእርዳታ ድርጅቶችንም አሳስቧቸው ነበር። በ1989 የአውሮፓ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ስለ ድሆች አገሮች በሚያሳዩት ምስልና በሚያስተላልፉት መልእክት ላይ የሥነ ምግባር መመሪያ ተቀበሉ። በ1994 ቀይ መስቀልና ሌሎች ታላላቅ የእርዳታ ድርጅቶች ያወጡት የሥነ ምግባር ደንብም በአሥረኛው አንቀጹ፣ በአደጋ የተጎዱ ሰዎች በማስታወቂያዎቻችን ውስጥ ክብር ያላቸው ሰዎች ሆነው እንዲታዩ እንጂ ተስፋ የሌላቸው ግዑዛን እንዳይመስሉ ያዛል። እንግዲህ ደንቡ ከማኅበራዊ ሚዲያ በፊት ነበረ ማለት ነው። አዲሱ ነገር ባለ ጉዳዩ ራሱ ተመልካችና ፈራጅ መሆኑ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በኡጋንዳ የደረሰው ነው። በማርች 2012 አንድ የአሜሪካ ድርጅት ስለ አማፂው መሪ ስለ ጆሴፍ ኮኒ ሠላሳ ደቂቃ ያህል የሚወስድ ቪዲዮ በኢንተርኔት አወጣ። በስድስት ቀን ውስጥ መቶ ሚሊዮን ጊዜ ታየ። በቁጥር ብቻ ከተመዘነ ከዚህ የበለጠ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን በዚያው ወር፣ ብዙ የጦርነቱ ተጎጂዎች በሚኖሩባት በሊራ ከተማ በሰሜን ኡጋንዳ፣ ቪዲዮው በሜዳ ላይ በትልቅ ሸራ ለሕዝብ ታየ። በሺህ የሚቆጠር ሰው መጣ። አይቶም ተቆጣ፤ ድንጋይም ተወረወረ። ተመልካቾቹ ፊልሙ ከእነርሱ ይልቅ ስለ ውጭ አገር ሰዎች የሚናገር ሆኖ አገኙት። አማፂዎቹም ከአካባቢያቸው ከወጡ ዓመታት አልፈው ነበር። በሌሎች ከተሞች ሊታይ የታሰበውም ለጊዜው ቀረ። መቶ ሚሊዮን ጊዜ የታየው ሥራ በባለቤቶቹ ፊት ሊቆም አልቻለም።

ዛሬ ደግሞ ሸራ መትከል አያስፈልግም። ጠዋት በኦስሎ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ምሳ ሳይደርስ በወረዳው ወጣቶች የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ይገኛል። በዋሽንግተንና በጅዳ ያሉ ዘመዶችም ያዩታል። «ይህ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ማን ፈቀደላችሁ?» ብለው ቢጽፉልን ምን እንመልሳለን?

ስለዚህ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኞችን ስናሠለጥን ካሜራ መያዝንና መግለጫ መጻፍን ብቻ ማስተማር አይበቃም። አራት ነገሮችን ልጨምር።

አንደኛው ፈቃድ ነው። የስንዴ ጆንያ ከፊቱ ተቀምጦ «ፎቶ ላንሣህ?» የተባለ ሰው እምቢ ለማለት አይችልም። ስለዚህ ፈቃድ የሚጠየቀው እርዳታው ከታደለ በኋላ፣ የሚቻል ከሆነም አዳዩ ባልሆነ ሰው ይሁን። ፎቶግራፉ የት እንደሚወጣ በስልክ ላይ እናሳየው። እምቢ ቢል ከድርሻው ምንም እንደማይጎድልበት በግልጽ እንንገረው። የሕፃን ፎቶግራፍ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ፈቃድ አይነሣ። በሕመምና በግፍ የተጎዱትን ስምና ፊት እንሰውር። አገራችን በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም በዚህ ጉዳይ ግዴታ ጥሎብናል።

ሁለተኛው እውነት ነው። በሥልጠና ላይ የምሰጠው አንድ ቀላል መልመጃ አለ። ለአንድ ፎቶግራፍ ሁለት መግለጫ ጽሑፍ ጻፉ እላለሁ፤ አንዱን ለለጋሹ፣ አንዱን በፎቶግራፉ ላይ ለምትታየው እናት። ሁለቱ የማይስማሙ ከሆነ ከሁለቱ በአንዱ ውስጥ ሐሰት አለ። በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ትእዛዝ ለፎቶግራፍም ይሠራል።

ሦስተኛው መስማትና መመለስ ነው። ከጽሑፋችን ሥር የሚጻፍ አስተያየት ተጠርጎ የሚጣል ቆሻሻ አይደለም። «ስንዴው የት ደረሰ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስንት ኩንታል እንደ ገባ፣ ለስንት ቤተ ሰብ እንደ ታደለ፣ ስንት እንደ ቀረ በቁጥር ሊነገረው ይገባል። ጥያቄውን ማጥፋት ጥርጣሬውን ያጸናዋል። ስለዚህ መልስ ሰጪው ቢሮ ውስጥ ብቻ የሚቀመጥ መሆን የለበትም፤ የፕሮጀክቱ ኃላፊም ቁጥሩን በዕለቱ ሊሰጠው ይገባል። በዘር ወይም በሃይማኖት ላይ ጥላቻ የሚነዛ ጽሑፍ ግን ሌላ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 የተከለከለ ስለሆነ ከገጻችን እናስወግደው።

አራተኛው ስሕተትን ፈጥኖ ማረም ነው። በፌብሩዋሪ 2011 የአሜሪካ ቀይ መስቀል አንዲት ሠራተኛ ስለ ቢራ መጠጣት ለወዳጆቿ የጻፈችው ቃል በስሕተት በድርጅቱ የትዊተር ገጽ ላይ ወጣ። ድርጅቱ ጽሑፉን አነሣ፤ ነገር ግን «አልሆነም» ብሎ አልካደም። ስሕተት መሆኑን በትሕትናና በመጠነኛ ቀልድ አስታወቀ። ሕዝቡም በመልካም ተቀበለው፤ ገንዘብ የለገሱም ነበሩ። ቢክድ ኖሮ ትንሹ ስሕተት ትልቅ ውሸት ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። «እንዲህ ከተጠነቀቅን ገንዘቡ ቢቀንስስ?» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ የሚጠብቃቸውን የተራበ ሕዝብ ቁጥር የሚያውቁ ናቸው። ሊቀንስ ይችላል ብዬ በግልጽ እመልሳለሁ። የሚያለቅስ ሕፃን ፊት ኪስን ቶሎ ይከፍታል። ነገር ግን ሰውን ማክበር ረሀብን መደበቅ አይደለም። ልጁ ከስቶ ከሆነ መክሳቱን እናሳይ፤ ከእርሱም ጋር እናቱ ለእህል ብላ በሬዋን መሸጧን፣ ሁለት ቀን በእግሯ መጓዟን፣ ዝናብ ቢመጣ ለመዝራት ያሰበችውን እንናገር። ይህም እውነት ነውና። በሚያዋርድ ፎቶግራፍ የተገኘ ገንዘብ በድሃው ፊት የተበደርነው ዕዳ ነው፤ ከፋዩም እርሱ ነው። ገቢው በእርግጥ ከቀነሰ ምክንያቱን ለኮሚቴውና ለደጋፊዎቻችን ገልጠን እንንገራቸው እንጂ ድምፅ ሳናሰማ ወደ ድሮው አሠራር አንመለስ።

በመጨረሻም አንድ ነገር አሳስባለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማናቸውንም ጽሑፍና ፎቶግራፍ ከመለጠፋችን በፊት ከዚያው መንደር ለሆነ ለአንድ ሰው እናንብብለት፣ እናሳየውም። «ይህ እኛን ይመስላል» ካለ ይውጣ። ዝም ካለ ዝም ያለበትን ምክንያት ሳናውቅ አይውጣ። ለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ያን ያህል ጊዜ ደግሞ አለን።

 እግዚአብሔር ሥራችሁን ይባርክ።