ሳይሰሟቸው ፈረዱባቸው

ጋራ ሙለታ ከእኛ ከድሬዎች ሩቅ አይደለም፤ ልጅ ኢያሱ የታሰሩት እዚያ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ አዲስ አበባ ላይ ሲሽሯቸው እሳቸው ሐረር ነበሩ። “ሰልመዋል” ተባለ፤ ፊት ለፊት ማን ጠየቃቸው? በጥቅምት አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፤ ያለቀው ሕዝብ እኮ የአንድ አገር ልጅ ነው! ኢያሱም በ1913 ተይዘው፣ በ1928 እስር ላይ እንዳሉ ሞቱ።

ጥፋት አልነበረባቸውም አልልም። ግን ኒቆዲሞስ ፈሪሳውያንን የጠየቃቸው ይህንኑ አይደል? ሰውየውን ሳትሰሙት ትፈርዱበታላችሁ ወይ? ጌታችንም በሌሊት ሸንጎ፣ በሐሰት ምስክር ተፈርዶበታል።

ወገኔ፣ በሰው ወሬ ብቻ የፈረድክበት ወንድም አለህ? ዛሬውኑ ሂድና ከራሱ አፍ ስማ።